ለፎቶ ሲባል የተገፈፈ ጣራ

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ፤ ደብረ ታቦር መናኸሪያ

የደብረ ታቦር መናኸሪያ ተሳፋሪን በጨለማ መቀስቀስ ይችልበታል። ማሳፈሩ ነው ያልሆነለት። «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ንቅንቅ ነው» የተባለው ሚኒባስ ፀሐይ ወጥታም ሞተሩን እያሞቀ ነው። ሞተሩ ይሞቃል፣ እኛ እንበርዳለን። ወሩ የካቲት ነው፤ ለጉና ንፋስ ግን ይህን የነገረው ሰው ያለ አይመስልም።

ጉልበቴ ላይ አንድ የእንጨት ሣጥን ታቅፌያለሁ። ረዳቱ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ አየኝና፣

«እትዬ፣ ንብ ከሆነ ጣራ ላይ ይጫን፤ ሰው ይነድፋል» አለኝ።

«ካሜራ ነው።»

«ካሜራ! ዓይኑስ የታል?»

ሣጥኑ ፊት ላይ ያለችውን ቀዳዳ አሳየሁት። ቆርቆሮ ላይ በመርፌ ጫፍ የተበሳች፣ ጤፍ የማታሳልፍ ቀዳዳ ናት።

«ጉና በዚች ሊገባ?»

«አንተስ ይህን ሁሉ ሰው በዚች በር አስገብተህ የለም እንዴ?»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። ረዳቱም ሳቀ፤ ስቆ ሲያበቃ ሁለት ሰው ጨመረብን።

እስክንነሣ መቼም ጊዜ አለን፣ የሣጥኑን ነገር ላውጋችሁ። ደብረ ታቦር ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። ጉርድ አነሣለሁ፣ ሙሽራ አነሣለሁ። ከጀርባ የሰቀልኩት መጋረጃ ላይ ባሕርና መርከብ ስላለ፣ ባሕር አይቶ የማያውቀው የከተማችን ሰው ግማሹ ወደብ ላይ የተነሣ ፎቶ አለው። ሞያውን ያስተማረኝ የለም፤ እያበላሸሁ ነው የተማርኩት። እውነተኛው ካሜራዬ ከመስከረም ጀምሮ አዲስ አበባ ጥገና ላይ ነው። ለጠጋኙ በደወልኩ ቁጥር «ነገ» ይለኛል። በዚህ አላማውም፤ አንድም ቀን ቃሉን ለውጦ አያውቅም።

ሣጥኑ የተወለደው ከግማሽ መጽሐፍ ነው። ገበያ ውስጥ ቅመም የምትሸጥ ወዳጅ አለችኝ። አንድ ቀን ከእሷ የገዛሁትን ኮረሪማ ቤት ወስጄ ስፈታው፣ ከመጠቅለያው ላይ አንድ ግዙፍ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ብቅ አለ። ፎቶ ነው፣ ግን እንዲህ ያለ ፎቶ አይቼ አላውቅም፤ ድንጋዩ እንደ ጨርቅ ለስልሷል፣ ጥላው እንደ ቡና አተላ ጠቁሯል። ሮጬ ተመለስኩ። መጽሐፉ የፈረንሳይኛ ነው። ግማሹ በርበሬ ይዞ በየቤቱ ሄዷል፣ የተረፈውን አስጣልኩ። ፈረንሳይኛ የሚያውቁ አንድ ጡረተኛ መምህር ጎረቤት ነበሩኝና ከሥራ በኋላ እያነበቡ ይተረጉሙልኝ ጀመር። ስለ ፈረንሳዮች የጥንት ፎቶ አንሺዎች ነው፤ ፎቶ ገና ሲፈጠር አገር ላገር እየዞሩ ተራራና ሕንፃ ስላነሡት ሰዎች። መጨረሻቸው ምን እንደሆነ አላውቅም። መጨረሻቸውን ያወቀው በርበሬው ነው።

ከሁሉ የያዘኝ አንድ ታሪክ ነው። የፈረንሳይ መንግሥት አንድ ጊዜ አምስት ፎቶ አንሺዎች ላከ። በየክፍለ አገሩ ያረጁ አብያተ ክርስቲያናትና ግንቦች ሊታደሱ ስለነበር፣ ግንበኛ ሳይነካቸው እንዳሉ አንሡልን ተባሉ። ሰዎቹ በወረቀት ላይ የሚያነሣ ሣጥናቸውን ተሸክመው ዞሩ፣ ለፉ፣ አንሥተው አመጡ። መንግሥትም አመስግኖ ተቀበለና መሳቢያ ውስጥ ከተተው። መምህሩ እዚህ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ እኮ መሳቢያ የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር» አሉ።

እኔም አናጢ ፈልጌ ሣጥን አሠራሁ። ፊልም የለውም፤ ለማተሚያ የምንጠቀምበትን የፎቶ ወረቀት ራሱን ነው የሚጎርሰው። ቀዳዳው ጠባብ፣ ወረቀቱም የሰነበተ ስለሆነ አንድ ፎቶ ለማንሣት ረጅም ጸሎት የሚያህል ጊዜ ይፈጃል። ለጨዋታ ያሠራሁት ነበር። ከሳምንታት በፊት ግን አክስቴ ላኩብኝ።

አክስቴ እማሆይ ወለተ ማርያም ባላቸው ከሞቱ በኋላ መንኩሰው፣ ከክምር ድንጋይ በላይ ጉና ወገብ ላይ ባለችው የአቦ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ በትንሽ ጎጆ ይኖራሉ። ባላቸው አያ ዓለሙ የታወቁ ቤት ከዳኝ ነበሩ። የአቦን የሣር ጣራ የከደኑት እሳቸው ናቸው። ፎቶ ተነሥተው አያውቁም፣ ልጅም አልተዉም። በዚህ ምድር ላይ የቀራቸው ያ ጣራ ነው። እማሆይ በእህል ነጋዴ አፍ እንዲህ ብለው ላኩ፦ «ኮሚቴው ከጾም በኋላ ሣሩን አንሥቶ ቆርቆሮ ሊያለብስ ነው። ሳይነሣ የፎቶ መኪናሽን ይዘሽ ድረሽልኝ።»

መኪናዬ አዲስ አበባ «ነገ» ላይ ነው፤ ያለኝ ይህ ሣጥን ነው። «ሐሙስ እመጣለሁ፣ ጣራውን ፎቶ አነሣለሁ፣ ለኮሚቴውም ይንገሩልኝ» ብዬ መለስኩ። ይቺን የመጨረሻዋን ቃል ያዙልኝ። ጉዱን ሁሉ ያመጣችው እሷ ናት።


ሐሙስ ረፋድ፤ ክምር ድንጋይ

ቻይናዎች በጠረጉት መንገድ ላይ ሆዳችን ከቦታው እየተነቃነቀ ደረስን። አቧራው ሁላችንንም እኩል አድርጎናል፤ ነጠላዬ ነጭ እንደነበረ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ዐቢይ ጾም ስለገባ ምግብ ቤቶቹ ጸጥ ብለዋል። አንዲት ሴት በር ላይ የተቀቀለ ድንች ዘርግታ ትሸጣለች። ገዢዎቿ ሁሉ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን የሚገዙት ለሌላ ሰው እንደሆነ ይምሉላታል።

የአቦ አሠሪ ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ ወርቅነህ ሊቀበሉኝ ወርደው ነበር። ሳገኛቸው ሊስትሮ ፊት ቆመው ጫማቸውን እያስወለወሉ ነው። ጥቁር የቆዳ ጫማ፣ ነጭ ጋቢ፣ ከረባት። ዓይናቸው ጫማው ላይ ነው።

«እንኳን ደህና መጣሽ እኅቴ! ነገ አይደል የምታነሺን? ተዘጋጅተናል» አሉኝ።

እኔም የዋህ ነኝ፤ ወሬ ካገኘሁ አልችልም። ጫማቸውን ሳይ ያ ግማሽ መጽሐፍ ትዝ አለኝና እዚያው ቆሜ አወጋኋቸው። ከጥንት ፎቶዎች መካከል አንዱ የፓሪስ ጎዳና ነው። ጎዳናው በጋሪና በእግረኛ ታጭቆ ነበር። ፎቶው ግን ብዙ ጊዜ ስለሚፈጅ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ዘለለው፤ ጋሪ የለ፣ ሰው የለ፣ አገሩ ተሰዶ ያለቀ ይመስላል። አንድ ሰው ብቻ ይታያል። እሱም ጫማውን ሊያስጠርግ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው።

አቶ ወርቅነህ ዓይናቸው በራ። «እሱ ብልህ ሰው ነው!» አሉ። ወደ ሊስትሮው ዞረው፣ «ሰማህ? አንድ ቀለም ድገመው።»

«ዋናው ነገር አለመንቀሳቀሱ ነው እኮ» አልኩ።

«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል። ጫማ ነው ሰውን የሚያሳየው።»

የደከምኩለት ትምህርት እንዲህ ፍሬ አፈራ።


ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፤ ሽቅብ

አያ ምናሉ የሚባሉ ሰው በቅሏቸውን አመጡልኝ። በቅሎዋ ሣጥኑን ተሸክማለች፣ እኔ ራሴን ተሸክሜያለሁ። አቶ ወርቅነህ ለጫማቸው ሲሉ ከድንጋይ ድንጋይ እየመረጡ ከኋላችን ይመጣሉ።

የገብስ ማሳው ታጭዶ ቃርሚያ ላይ በግ ተሰማርቷል። ከፍ ባልን ቁጥር ዛፉ እያጠረ፣ ንፋሱ እየረዘመ ሄደ። ትንፋሼ አጠረኝ። ፈረንሳዮቹ የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒታቸውን በጋሪ እየጫኑ ተራራ ወጡ ሲሉኝ አዝኜላቸው ነበር። አሁን ጋሪያቸው አስቀናኝ።

«አያ ምናሉ፣ ጣራው እንዴት ነው? ደህና ነው?» አልኩ።

በቅሎዋን ቸብ አደረጉ። «አምሮ ይጠብቅሻል።»

«ማለት?»

«እኔ ምን አውቄ። ወርቅነህ ያሳይሽ እንጂ።»

እንዲህ ያለ መልስ ደግ ነገር ይዞ እንደማይመጣ የደጋ ሰው ሁሉ ያውቃል። የመጨረሻዋን ጉብታ ስንወጣ አንድ ነገር ዓይኔን ወጋኝ። ከጽዶቹ መካከል ሁለተኛ ፀሐይ ተተክላለች።

ቆርቆሮ ነው።

ከደጀ ሰላሙ በኩል ያለው የጣራው ፊት፣ ምዕራቡ ሁሉ፣ ሣሩ ተገፎ አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል። የተገፈፈው ሣር መሬት ላይ እንደታረደ በግ ጠጉር ተከምሯል። ሁለት የከተማ ቆርቆሮ መቺዎች ጣራው ላይ ተቀምጠው መዶሻቸውን እንደያዙ እጃቸውን አውለበለቡልኝ።

«አቶ ወርቅነህ» አልኩ። «ከጾም በኋላ ነው ተብሎ አልነበር?»

«ነበር እንጂ!» አሉ፣ ደስታቸውን ሳይደብቁ። «ፎቶ አንሺ ልትመጣ ነው ሲባል ግን ኮሚቴው ተሰበሰበ። እንግዳ ከደብረ ታቦር ድረስ ለፍታ መጥታ አቦን በቡትቶ ታንሣው? ሰው እንኳ ፎቶ ሊነሣ ሲል ያለውን ልብስ ይለብሳል፣ ከሌለው ይዋሳል። ተረባርበን ፊቱን አደረስንልሽ። ጀርባው ነገ ያልቃል።»

ምን ትላላችሁ? ለኔ ክብር ሲሉ ነው። ልቆጣ አፌን ከፈትኩና የራሴ መጋረጃ ትዝ አለኝ፤ ገበሬውን ሁሉ መርከብ አጠገብ የማቆመው እኔ አይደለሁም እንዴ? ፈረንሳዮቹም ቢሆኑ ፎቷቸው ላይ ሰማዩ ባዶ ሲሆንባቸው ከሌላ ቀን ፎቶ ደመና ተውሰው ይቀጥሉበት ነበር። እነሱ ሰማይ ተዋሱ፣ አቶ ወርቅነህ ቆርቆሮ።

«በይ አንሺን» አሉና ቆርቆሮው ፊት ቆሙ።

ከሚረባው ወረቀቴ የቀረኝ ሦስት ቅጠል ብቻ ነበር። አንዱ ፎቶውን ለማንሣት፣ አንዱ ለማተም፣ አንዱ ለክፉ ቀን። ክፉው ቀን ይኸው መጣ። እንግዳ ሆኖ የሰው ፊት አይመለስም፣ አንዱን ቅጠል ለቆርቆሮው ገበርኩ። ውጤቱን በኋላ ሳየው ቤተ ክርስቲያን የለ፣ ሊቀመንበር የለ፤ አንድ ትልቅ ብልጭታ ብቻ ነው። ፀሐይን ፎቶ አንሥቻለሁ ብዬ ልፎክርበት እችላለሁ።


ሐሙስ ምሽት ሲቃረብ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ

እማሆይ ከጎጆአቸው አልወጡም ነበር። ስገባ አቅፈው ሳሙኝና፣

«አየሽልኝ ጉዱን? ላንቺ ክብር ነው አሉኝ። ክብርሽ ባፍንጫዬ ይውጣ!» አሉ።

«ጀርባው አለ እኮ እማሆይ።»

«አለ። ነዪ ላሳይሽ።»

እጄን ይዘው ወደ ምሥራቅ ዞሩ። በዚህ በኩል ሣሩ እንዳለ ነው፤ ወፍራም፣ ግራጫ፣ ዳሩ እስከ ሰው ራስ ዝቅ ያለ። እማሆይ አንድ ቦታ ላይ ቆመው ጣታቸውን ቀሰሩ። ከሌላው ሣር ቀለሙ የተለየ፣ ጠቆር ያለ፣ የቁራሽ ያህል ቦታ አለ።

«ይቺን አየሻት? ያን ጊዜ ምእመኑ ሁሉ በየቤቱ ሸክም ሸክም ሣር አመጣ። ዓለሙ ሲከድን ሲከድን እዚህ ላይ አለቀበት። ክረምቱ ደርሷል፣ ሣር ከየት ይምጣ? ቤቱ መጣ፣ መሰላል አቆመ፣ ከራሳችን ቤት ጣራ ላይ ገፎ ወሰደ። ከኔ ራስ ላይ! ያንን ክረምት እንቅልፍ የሚባል አላየሁም፣ ሲያንጠባጥብብኝ ከረመ። ምን ምን ብዬ እንደሰደብኩት አቦ ይቁጠሩት።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«ምን ይላል። ‹የኔ ክዳን አያፈስም፣ የሚያፈሰው ክዳን የሌለው ነው› አለኝ።» ሳቁ። ሳቃቸው መሐል ላይ ቆመ። «የሱ ነገር የቀረኝ ይቺ ናት ልጄ። ሌላውን ጣራ ተይው። ይቺን ያዢልኝ።»

ሁለት ቅጠል ወረቀት አለኝ። አንዱ ማንሻ፣ አንዱ ማተሚያ። ከተበላሸ ሌላ የለም። ነገ ደግሞ መዶሻው ወደ ጀርባ ይዞራል።

ማታ አቶ ወርቅነህ ቤት የገብስ እንጀራ በሽሮ በላን። ከበላን በኋላ ነገሩን አነሣሁ።

«ጀርባውን?» አሉ፣ እጃቸው አየር ላይ ቀርቶ። «ሰው በጀርባው ይነሣል እንዴ?»

«ጠዋት ብርሃኑ በምሥራቅ ነው።»

«ብርሃን የእግዜር ነው፣ በየትም አለ።»

ባለቤታቸው ከጓዳ፣ «ተው እንጂ ወርቅነህ፣ ለእማሆይ ነው» አሉ።

አቶ ወርቅነህ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እሺ። ግን ኮሚቴ የሌለበት ፎቶ አይነሣም። እኔ እቆማለሁ። ሠራተኞቹም እስኪዞሩ ነው፤ መሰላሉ ጀርባ ሲደርስ አበቃ።»


ዓርብ ጠዋት፤ ጉም

ጉና ያላትን ጉም ሁሉ ሰብስባ አቦ ላይ አስቀመጠችው። ሦስት የባሕር ዛፍ እንጨት አስሬ ሣጥኑን አቆምኩ። ከሣጥኑ ወዲያ ያለው ዓለም ወተት ነው። ቤተ ክርስቲያኑን የማውቀው ከመዶሻው ድምፅ ነው፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ፣ እያለ በጉሙ ውስጥ ወደ እኛ ይዞራል።

አቶ ወርቅነህ ቦታቸውን ይዘዋል። ጤዛው እንዳያበላሽባቸው ጫማቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ።

«ጉሙን አታነሺውም?» አሉኝ። የእንጨቶቹን እሥር አጠበቅሁ።

መዶሻው ቆመ። ሠራተኞቹ መሰላሉን ይዘው ከጉሙ ወጡና ጀርባው ላይ፣ ልክ ጠቆር ካለው ሣር አጠገብ አስደገፉት። አንደኛው እግሩን ሊያነሣ ሲል እማሆይ ከየት እንደመጡ እንጃ፣ መጡና የመሰላሉ የመጀመሪያ መወጣጫ ላይ ቁጭ አሉ። መቁጠሪያቸውን አወጡ።

«እማሆይ፣ ልንወጣ ነው» አለ ሠራተኛው።

«ውጣ ልጄ። ረግጠኸኝ ውጣ።»

ሰውየው አቶ ወርቅነህን አየ። አቶ ወርቅነህ ሰማዩን አዩ። መነኩሴ ረግጦ ቤተ ክርስቲያን የሚሠራ ኮሚቴ ገና አልተቋቋመም።

«እማሆይ፣ ሠራተኛ በቀን ነው የያዝነው። ጉሙ አይከፍልልንም።»

«አንተም ተቀመጥ ወርቅነህ። ይልቅ ጸልይ፣ ጉሙ እንዲሄድ።»

መጸለያቸውን አላውቅም፤ ከንፈራቸው ግን ተንቀሳቀሰ። ጥቂት ቆይቶ የጽዶቹ ጫፍ ታየ፣ ከዚያ የጉልላቱ መስቀል፣ ከዚያ ሣሩ እያላበ፣ እየነጣ ብቅ አለ። ፀሐይዋ በጀርባዬ መጣች።

«አሁን!» ብዬ ጮህኩ። «መሰላሉ ይነሣ! እማሆይ፣ አንቱ ደግሞ እዚያ ሣር ሥር ይቁሙልኝ።»

«እኔ?» አሉ እማሆይ። «እኔ ሞቻለሁ እኮ። ስመነኩስ ፍትሐት ተፈትቶልኛል፣ መገነዜ ተባርኳል። የሞተ ሰው ፎቶ አይነሣም።»

በዚህ ላይ ክርክር የለም፤ ያሉት እውነት ነው። የአያ ዓለሙን ሣር ያለ እማሆይ ላነሣው ነው ብዬ ሆዴ ባባ። ከዚያ የፓሪሱ ጎዳና ትዝ አለኝ።

«እማሆይ፣ ይህ ሣጥን የሚንቀሳቀስ ሰው አያይም። የቆመ ብቻ ነው የሚይዘው። ቢዞሩ አይነሡም።»

«አይዘኝም?»

«አይይዝዎትም።»

«እንዲያ ከሆነ የዛሬውን ውዳሴ ማርያም አላደረስኩም፣ እየዞርኩ ላድርስ። እሱ እስኪያልቅ ይበቃሻል?»

ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለኝም። ለአቶ ወርቅነህ፣ «ከቆሙበት እግርዎን እንዳይነቅሉ!» ብዬ ሽፋኑን አነሣሁ።

እማሆይ ቀስ ብለው መዞር ጀመሩ። ነጭ ነጠላቸው ከሣሩ ዳር ሥር ያልፋል፣ ከሕንፃው ወዲያ ይሰወራል፣ ተመልሶ ይመጣል። በዞሩ ቁጥር ያቺ ቁራሽ ሣር ሥር ሲደርሱ ቆም ይላሉ፣ እጃቸውን ሽቅብ ሰደው ሣሩን ነካ ያደርጋሉ፣ ያልፋሉ። ልናገር አስቤ ተውኩት። ጸሎት ላይ ያለ ሰው አይጠራም።

አቶ ወርቅነህስ? እግራቸውን አልነቀሉም፣ ይህን እመሰክርላቸዋለሁ። ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ግን ኮሚቴ ነበሩ። ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ዝንብ አባረሩ፣ አቦን ሊሳለም ለመጣ ሰው ሁሉ ጎንበስ እያሉ እጅ ነሱ። ወደ ሠራተኞቹ ዞረው ስለ ምስማር ተቆጡ። አያ ምናሉን ጠርተው ስለ በቅሎዋ ጠየቁ። «አይንቀሳቀሱ» ስላቸው «የት ተንቀሳቀስኩ?» ብለው በሁለት እጃቸው ያስረዱኛል።

እማሆይ አማተቡ። ሽፋኑን መለስኩ። መሰላሉ ተመልሶ ተደገፈ።


ዓርብ ከሰዓት በኋላ፤ የእማሆይ ጎጆ

ጨለማ ክፍል ብዬ ደብረ ታቦር ላይ የምጠራው ቤቴ እንደ እማሆይ ጎጆ ጨልሞ አያውቅም። በሩን በደበሎ ጋረድን። ባትሪዬን በቀይ ፌስታል ሸፈንኩ። ሦስት ጎድጓዳ ሳህን ደረደርኩ፤ ምስሉን የሚያወጣው መድኃኒት ማውጫው፣ ውሃው፣ ምስሉ እንዳይጠፋ የሚያረጋው ማርጊያው። የጉና ውሃ እጅ ስለሚቆርጥ ማውጫውን ፍም አጠገብ አሞቅሁት። ውጭ ሣሩ እየተገፈፈ ሲወርድ ይሰማል፣ ሻ... ሻ... ይላል። እማሆይ ወደ ውጭ አላዩም።

ወረቀቱን ነከርኩ። ምንም የለም። ሳህኑን ቀስ ብዬ ወዘወዝኩ። ከዚያ ከወረቀቱ መሐል አንድ ነገር መጥቆር ጀመረ። ሰማዩ ነው። ጠቁሮ ወጣ። ጽዶቹ ነጭ፣ ጥላው ነጭ፣ የበራው ሁሉ ጥቁር።

«በስመ አብ!» አሉ እማሆይ። «የወዲያኛው ዓለም እንዲህ ተገልብጦ ነው እንዴ የሚታየው?»

«ገና ይቃናል እማሆይ።»

አጥቤ በጨርቅ አደራረቅሁት። የመጨረሻውን ቅጠል ከሱ ጋር ፊት ለፊት አጣብቄ በላዩ መስተዋት ጫንኩ። እማሆይ ደበሎውን ገለጥ አደረጉ፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ፣ መለሱት። ነከርኩ።

አሁን እንደወጉ መጣ። ጣራው ከግራ ወደ ቀኝ እንደ በግ ለምድ ተዘርግቷል፣ እያንዳንዱ ጭብጥ ሣር ይቆጠራል። መሐሉ ላይ ያቺ ጠቆር ያለች ቁራሽ በጥሩ ሁኔታ ወጥታለች። እማሆይ እጃቸው አፋቸው ላይ ነው።

ደበሎው ተገለጠ። አቶ ወርቅነህ መታገሥ አቅቷቸው ገቡ፤ ደግነቱ ወረቀቱ ማርጊያው ውስጥ ገብቶ ነበር። ጎንበስ ብለው ፈለጉ። ደግመው ፈለጉ።

«እኔ የታለሁ?»

ከሣሩ በስተግራ መሬቱ ላይ ሁለት ጫማዎች ቆመዋል። ጥርት ያሉ፣ የሚያብረቀርቁ፣ ክራቸው ሳይቀር የሚታይ። ከጫማዎቹ በላይ እንደ ጭስ ያለ ነገር አለ፣ ከዚያ በላይ ሰው የለም።

«እንዳሉት ነው» አልኩ። «ጫማ ነው ሰውን የሚያሳየው።»

«ወርቅነህ፣» አሉ እማሆይ በርኅራኄ፣ «ለካ አንተ ከኔ በፊት መንነሃል!»

አያ ምናሉ በር ላይ ሆነው ሳቃቸው ገነፈለባቸው። አቶ ወርቅነህም ሳቁ። «የማን ጫማ ነው ቢባል ግን መልሱ አይጠፋም» ብለው፣ ጫማዎቹን አንዴ በፍቅር አይተው ወጡ።

ፎቶውን አጥቤ ለእማሆይ ሰጠኋቸው። ወደ በሩ ወስደው በብርሃን ያዙት። ከዚያች ቁራሽ ሣር ሥር ቀጠን ያለች፣ የሻማ ጭስ የምትመስል ነጭ ነገር አለች። ፊት የላትም፣ እጅ የላትም። ጫፏ ግን ሣሩን ነክቷል።

«ይቺ ምንድን ናት?»

መዋሸት አልቻልኩም። «አንቱ ነዎት። በዞሩ ቁጥር እዚያ ሲቆሙ ጥቂት ጥቂት እያለ ያዘዎት።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ወረቀቱን ራቅ አደረጉ፣ ቀረብ አደረጉ።

«ይህማ ሞቼ ነው የተነሣሁት» አሉ። «ግድ የለም።»

ውጭ የሣሩ ድምፅ ቆሟል፣ መዶሻው ጀምሯል። እማሆይ መደባቸው ላይ ወጥተው ቆሙ። ወገባቸውን ያዝኩላቸው። ፎቶውን ከራስጌያቸው በላይ በጎጆዋ ሣርና በማገሩ መሐል ሽጉጥ አደረጉት፣ ገጹን ወደ ታች።

«እዚያ አያድርጉት እማሆይ! ክረምት ሲመጣ ያፈስበታል፣ ወረቀት እኮ ነው።»

ወርደው መደቡ ላይ ተጋደሙ። ሽቅብ አዩት።

«ጣራዬን ወስዶብኝ ነበር፣ ይኸው መለሰ» አሉ። «ዓለሙ የከደነው ደግሞ አያፈስም።»


ቅዳሜ፤ መልስ

ጉብታዋን ስወርድ ዞሬ አየሁ። አቦ ዙሪያውን ቆርቆሮ ለብሶ እስከ ክምር ድንጋይ ድረስ ያበራል። ለዝናቡ መልካም ነው፣ አይካድም። ምእመኑም በየጊዜው ሣር ከመሸከም አርፏል። ፈረንሳዮቹም አብያተ ክርስቲያናቸውን አሳምረው አድሰዋል አሉ። እኔ የምኮራው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የኔ ፎቶ መሳቢያ አልገባም።

መንገድ ዳር የቆመው ሚኒባስ የሐሙሱ ነው። ረዳቱ ሣጥኑን ሲያይ ጮኸ።

«እትዬ! ጉና ገባ?»

«ጉናስ ቀረ። አንድ ቁራሽ ጣራና አንድ ጥንድ ጫማ ገባ።»

«የምን ጫማ?»

ነገርኩት። እስከ ደብረ ታቦር ሳቀ፤ በየቦታው ለሚገቡት ሁሉ እንደገና እያስነገረኝ። በመጨረሻ ሾፌሩ ራሱ መስተዋቱ ውስጥ ጫማውን ሊያይ ሲሞክር አየሁትና ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት እንዲያይ ለመነው።

መናኸሪያ ስንደርስ ያልታሰበ ካፊያ ጀመረ። ዣንጥላ አልያዝኩም። ባዶውን ሣጥን ራሴ ላይ ደፍቼ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ አንዲት ቀዝቃዛ ጠብታ በአንገቴ ገብታ እስከ ወገቤ ወረደች። ጤፍ የማታሳልፈው ቀዳዳ ዝናብ አሳልፋለች።

ምን ይደረግ። ይህን ሣጥን ያሠራሁት እኔ ነኝ፣ አያ ዓለሙ አልከደኑትም።